የባዕድ ሰው መልክ በሥዕል፦ ከዮኮሐማ ወደብ እስከ ላስታ ግድግዳ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ ከተሰበሰብንበት ከላሊበላ ከተማ ጋር የሚያገናኘው ነገር ያለ አይመስልም። የጃፓን ሠዓሊዎች የውጭ አገር ሰዎችን እንዴት አድርገው እንደ ሣሉ መናገር ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ቢነሣ ተገቢ ነው። መልሴ አጭር ነው። አንድ ሕዝብ ባዕዱን የሚሥልበት መንገድ ስለ ባዕዱ ከሚነግረን ይልቅ ስለ ሠዓሊውና ስለ ተመልካቹ የሚነግረን ይበልጣል። እኛም ባዕዱን የሣልንበት የራሳችን መንገድ አለን። ይህንን መንገድ አጥርተን ለማየት ከሌላ አገር ሥራ አጠገብ ማቆም ይጠቅማል ብዬ ስለማምን ነው ከሩቅ የጀመርሁት።

ጃፓን ከ17ኛው ምእተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ጀምሮ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ደጇን ዘግታ መኖሯ የታወቀ ነው። ከአውሮፓ ሰዎች መካከል እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው ሆላንዳውያን ብቻ ሲሆኑ፣ እነርሱም በናጋሳኪ ወደብ ደጂማ በምትባል ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ተወስነው የሚኖሩ ነበሩ። በ1853 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የባሕር ኃይል አዛዥ ፔሪ አራት የጦር መርከቦች አስከትሎ መጣ። በ1858 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ፣ ከሆላንድ፣ ከሩሲያ፣ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር የንግድ ውል ተፈረመ። በሚቀጥለው ዓመት ዮኮሐማ የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ለባዕዳን መነገጃ ወደብ ሆና ተከፈተች። ከዋና ከተማው ከኤዶ፣ ከዛሬይቱ ቶኪዮ ማለት ነው፣ ያላት ርቀት አንድ ብርቱ እግረኛ በአንድ ቀን የሚዘልቀው ነበር።

እንግዲህ የኤዶ ሕዝብ ሰምቶ የማያውቀውን ነገር በአንድ ቀን መንገድ ርቀት ላይ አገኘ። ሊያየው ተመኘ። ነገር ግን ሁሉም ሰው ወደ ዮኮሐማ ሊሄድ አይችልም። በዚህ ጊዜ የኤዶ አሳታሚዎች ሠዓሊዎቻቸውን አሰማርተው በእንጨት ላይ እየቀረጹ በወረቀት የሚያትሙትን ርካሽ ሥዕል ለገበያ አቀረቡ። እነዚህ ሥዕሎች በጃፓንኛ «ዮኮሐማ-ኤ» ማለትም የዮኮሐማ ሥዕሎች ይባላሉ። በብዛት የታተሙትም በ1860 እና በ1861 እ.ኤ.አ. ነው።

የአሠራሩን ነገር ትንሽ ልዘርዝረው፤ እጃቸው በዚህ ሙያ ያለ አድማጮች መኖራቸውን አውቃለሁና። ሠዓሊው ሥዕሉን በስስ ወረቀት ላይ በቀለም ይነድፋል። ወረቀቱ ከተጠረበ የቼሪ ዛፍ ሳንቃ ላይ በፊቱ ተደፍቶ ይለጠፋል። ጠራቢው መስመሮቹን ብቻ አስቀርቶ የቀረውን እንጨት ይፈለፍላል። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሌላ ሳንቃ ይቀረጻል። አታሚው ቀለሙን ሳንቃው ላይ ቀብቶ፣ ወረቀቱን ደርቦ፣ በእጁ በያዘው ክብ መዳመጫ እያሸ ያትማል። ቀለማቱ እርስ በርስ እንዳይፋለሱ በሳንቃው ጠርዝ ላይ የሚቀረጽ ትንሽ ምልክት አለ፤ ወረቀቱ ሁልጊዜ በዚያ ምልክት ላይ ይገጠማል። ስለዚህ በአንድ ሥዕል ላይ የአሳታሚ፣ የሠዓሊ፣ የጠራቢና የአታሚ እጅ አለበት ማለት ነው። ገንዘቡን የሚያወጣውና ምን እንደሚሣል የሚያዘው ግን አሳታሚው ነው። እኛ አገር የዚህ ቦታ የማን እንደ ነበረ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከእነዚህ ሠዓሊዎች አብዛኞቹ ኡታጋዋ ከሚባለው ከአንድ የሥዕል ወገን የወጡ ናቸው። ሳዳሂዴ፣ ዮሺቶራ፣ ዮሺካዙ የሚባሉት ስማቸው ይጠራል። ሳዳሂዴ በ1861 እ.ኤ.አ. አምስት ወረቀት ጎን ለጎን በሚያያዝ ትልቅ ሥዕል የምዕራባውያን መርከቦች በዮኮሐማ ጭነት ሲያመላልሱ አሳይቷል። የመርከቡ ገመድ፣ መሰላሉ፣ ሸክሙን የሚያወርዱት ሰዎች አንድ በአንድ ተለይተው ይታያሉ። በሌሎቹ ሥዕሎች ደግሞ ፈረንጅ ሴት በፈረስ ላይ በጎን ተቀምጣ ስትሄድ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሥጋ ሲዘጋጅ፣ ጢማም ነጋዴ በረጅም ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠጣ እናያለን። ብዙውን ጊዜ በአጠገባቸው እንግሊዛዊ፣ ሩሲያዊ፣ ፈረንሳዊ እየተባለ የአገራቸው ስም ተጽፏል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ሥዕሎች ሁሉ በዓይን ታይተው የተሣሉ ናቸው ብሎ ማመን አይገባም። ከሠዓሊዎቹ አንዳንዶቹ በምዕራብ አገር የታተሙ ሥዕላዊ ጋዜጦችን እያዩ ይገለብጡ ነበር። ስለዚህ አንዲት ሴት የለበሰችው ልብስ በዮኮሐማ መንገድ ላይ የታየ ሳይሆን ከሎንዶን ጋዜጣ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። አይተዋቸው የማያውቋቸውን የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞችም በዚሁ መንገድ ሥለዋል። ሆኖም በእኔ አስተያየት የእነዚህ ሥዕሎች ዋጋ ከትክክለኛነታቸው ላይ አይደለም። በዚያን ዘመን ባዕዳንን በሰይፍ የሚገድሉ ሳሙራዮች በዮኮሐማና በአካባቢዋ ነበሩ። በቤተ መንግሥቱ ዙሪያም «አረመኔዎቹ ይባረሩ» የሚል ወገን ጠንክሮ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል የአንድ ተራ ከተሜ ጥያቄ፣ ይህ ሰው ምን ይበላል፣ ልጁን እንዴት ያቅፋል የሚል ሆኖ ይታያል። በሥዕሎቹ ላይ ያለው የማወቅ ጉጉት ከጥላቻው ይበልጣል።

አሁን ወደ ላስታ ልመለስ።

በዚህ አገር ተራሮች ውስጥ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት መካከል ጥንታዊ ሥዕል ይዘው የቆዩ አሉ። ከላሊበላ በስተ ሰሜን በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በግድግዳውና በእንጨት ጣራው ላይ ሥዕልና ጌጥ አለው። የቤተ ማርያም የውስጥ ክፍል የተቀባ ነው፤ ከበሩ በላይም በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ፈረሰኞች ይታያሉ። ገነተ ማርያም ደግሞ ከ1270 እስከ 1285 እ.ኤ.አ. የነገሠው የይኩኖ አምላክ ሥዕል ከነጽሑፉ ያለበት በመሆኑ በሥዕል ታሪካችን ውስጥ ልዩ ስፍራ ይዟል፤ ዘመኑን በንጉሥ ስም የምናውቀው ግድግዳ ጥቂት ነውና።

በእነዚህ ግድግዳዎች ላይ ባዕዱ የት አለ ብለን ብንጠይቅ መልሱ እንደ ዮኮሐማ ቀላል አይሆንም። የባዕድ አገር የሥዕል ፈለግ አለ፤ የይምርሐነ ክርስቶስን ሥዕሎች ያጠኑ ሊቃውንት ከግብፅ ክርስቲያኖችና ከዘመኑ የግብፅ የእስልምና ጥበብ ጋር ያላቸውን ዝምድና አሳይተዋል። በትውልዳቸው ባዕዳን የሆኑ ሰዎችም ሞልተዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ የዚህ አገር ተወላጅ አይደለም። ዘጠኙ ቅዱሳን ከባሕር ማዶ የመጡ መሆናቸውን ገድላቸው ይናገራል። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ ከባሕር ማዶ የመጣው መነኩሴ ከላስታው መነኩሴ በምን ይለያል? ቆቡ ያው ነው፣ መቋሚያው ያው ነው፣ ትልልቅ ዓይኖቹም እኛን ፊት ለፊት ያዩናል። ባዕድነቱ ጠፍቶ የቤተ ሰብ አባል ሆኗል።

እዚህ ላይ የአገራችን ሥዕል ሥርዓት የሚታወቅበትን ዓይን የሚመለከተውን ደንብ ማንሣት ያስፈልጋል። ጻድቅ ፊት ለፊት ወይም ሁለቱም ዓይኖቹ እንዲታዩ ሆኖ ይሣላል። ኃጥእ፣ ከሓዲ፣ ሰይጣን፣ የሰማዕታት ገዳይ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላል። ይህንን ደንብ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ይሁን እንጂ ለጎብኚዎች ሲተረጎም ብዙ ጊዜ የምሰማው «ፈረንጅ ስለሆነ በአንድ ዓይን ተሣለ» የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። የጸሎተ ሐሙስን የራት ሥዕል ተመልከቱ። በጎን የተሣለው ይሁዳ ነው። ይሁዳ ባዕድ አልነበረም፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ፣ ከአንድ ገበታ የሚቈርስ ነው። ከአጠገቡ የተቀመጡት ሐዋርያት የእርሱ ወገኖች ሆነው ሳለ ሁለት ዓይን አላቸው። ስለዚህ የእኛ ሠዓሊ የሚጠይቀው ጥያቄ የጃፓኑ ሠዓሊ ከሚጠይቀው የተለየ ነው። የጃፓኑ «ይህ ሰው ከየት መጣ? ምን ለበሰ?» ይላል። የእኛው «ይህ ሰው ከማን ጋር ቆመ?» ይላል።

ይህ ማለት ልብስና መሣሪያ አይታዩም ማለት አይደለም። ጌታን የሚሰቅሉት ወታደሮች በየዘመኑ ሠዓሊው የሚያውቀውን የጠላት ልብስ ይለብሳሉ፤ አንድ ጊዜ የቱርክ ጥምጥም፣ ሌላ ጊዜ ሌላ። የፈርዖን ሠራዊት በኤርትራ ባሕር ሲሰጥም ጠመንጃ ይዞ የሚታይባቸው የግድግዳ ሥዕሎች አሉን። እነዚህን ስናይ ሠዓሊው የሙሴን ዘመን አላወቀም ብለን ፈገግ ማለት ይቀናናል። ሠዓሊው ግን ዘመኑን አልሳተም፤ ፈርዖንን ወደ ራሱ ዘመን አምጥቶ ነው የሣለው።

ቀደም ሲል በእንጨት ስለ መቅረጽ ተናግሬአለሁ። ይህ ጥበብ እኛ ዘንድ እንዳልደረሰ ሆኖ ይታሰብ ይሆናል። ደርሷል፤ የመጣው ግን በመጽሐፍ ነው። በ1590 እና በ1591 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው የዐረብኛ ወንጌል፣ ሠዓሊው ቴምፔስታ የነደፋቸውና በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች ነበሩት። ይህ መጽሐፍ ወደ አገራችን ገብቶ በ17ኛው ምእተ ዓመት የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች እንደ መነሻ ተጠቅመውበታል። የሚያስደንቀው እንዴት እንደ ተጠቀሙበት ነው። የኢጣልያኑ ሥዕል ጥላና ጥልቀት አለው፤ ቀለም የለውም። የእኛ ሠዓሊዎች የሰዎቹን አቋቋምና አሰላለፍ ወስደው ጥላውን ጣሉት፤ በቦታው ቀይና ቢጫ ሞሉበት፤ ዓይኖቹን አሰፉ፤ ማን ፊት ለፊት ማን በጎን እንደሚሆንም በራሳቸው ደንብ ወሰኑ። ዮሺቶራ ከሎንዶን ጋዜጣ ሲገለብጥ ያደረገው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ የእኛዎቹ ግን ሁለት መቶ ዓመት ቀድመውታል።

ባዕዱን በዓይን ያየ የላስታ ሰው ምን እንዳለ የሚነግረን ሥዕል አላገኘሁም። ባዕዱ ላስታን አይቶ የጻፈው ግን አለ። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ላሊበላን ጎብኝቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ ገልጿል። መጽሐፉ በ1540 እ.ኤ.አ. ታተመ። የጻፈውን የሚያምነው ሰው እንዳያጣ ፈርቶ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ አረጋግጧል። ዳሩ ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሥራው በሃያ አራት ዓመት የተፈጸመው በነጮች እጅ ነው ብለው እንደ ነገሩት ጽፏል። ይህች አንዲት ቃል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ብዙ ዘሮች ዘርታለች፤ እናንተም በየዕለቱ ከጎብኚ አፍ የምትሰሟት ናት። ላስታ ግድግዳው ላይ ፈረንጅ ሳይሥል፣ ፈረንጁ ግን ራሱን በላስታ ድንጋይ ላይ ሣለ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ባዕዱ በግልጽ ወደሚታይበት ሥዕል ልሻገር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተደረገው የዓድዋ ጦርነት ለሥዕላችን አዲስ ርእስ ሰጠ። የሥዕሉ አሰላለፍ ከብዙ መደጋገም የተነሣ እንደ ሃይማኖት ሥዕል ቋሚ ሆኗል። በስተ ግራ ዐፄ ምኒልክ ዘውድ ደፍተው፣ ጥላ ተይዞላቸው፤ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሽጉጥ ጨብጠው፤ በስተ ቀኝ የኢጣልያ ጦር በረድፍ ተሰልፎ፤ በመካከል መድፍና ጭስ፤ ከላይ ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ፤ ዕለቱ የእርሱ በዓል ነበርና። ኢትዮጵያውያኑ በአብዛኛው ፊታቸው ሙሉ ነው። ኢጣልያኖቹ በአብዛኛው በጎን ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ደንብ ወደ ጦር ሜዳ ወረደ ማለት ነው።

ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚያይ እዚህም ከኢጣልያኖቹ ጎን የተሰለፉ ጥቁር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ቀይ ታርቡሻቸውን ደፍተው ይታያሉ። እነርሱም ከጠላት ረድፍ ናቸውና አሣሣላቸው ያንኑ ረድፍ ይከተላል። መለያው የቆዳ ቀለም አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አልፈልግም። ደግሞም ደንቡ እንደ ብረት የጠነከረ አይደለም። አንዳንዱ ሠዓሊ የወደቀውን ኢጣልያዊ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ይሥለዋል። ይህ የሚሆነው በስሕተት ነው ወይስ ለሞተ ሰው በማዘን? እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ፤ የሚከራከረኝ ቢኖር ደስ ይለኛል።

በጃፓንና በእኛ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት የሚታየኝ ከገዢው ላይ ነው። የዮኮሐማን ሥዕል የሚገዛው የኤዶ ከተሜ ነው፤ ጃፓናዊው ባዕዱን ሥሎ ለጃፓናዊ ይሸጣል። የዓድዋን ሥዕል ከ20ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ በአዲስ አበባ ሲገዙ ከነበሩት ውስጥ ብዙዎቹ ግን ራሳቸው ባዕዳኑ ነበሩ፤ የሌጋሲዮን ሰዎች፣ መንገደኞች፣ በአገራችን ተቀጥረው የሚሠሩ አውሮፓውያን። ከዚያ በፊት ሠዓሊውን የሚያዘው ንጉሥ፣ መኰንን ወይም የደብር አለቃ ነበር። አሁን በአሳታሚው ቦታ የቆመው ሸማቹ ፈረንጅ ሆነ። ስመ ጥር የሆኑት ሠዓሊ በላቸው ይመርና ጓደኞቻቸው የዓድዋን ድል፣ የንግሥተ ሳባን ታሪክ፣ የግብር አበላልን ሥዕል በጨርቅ ላይ እየሠሩ የሸጡት ለእንደዚህ ያለው ገበያ ጭምር ነው። ፈረንጁ በጎን የተሣለበትንና የተሸነፈበትን ሥዕል በገንዘቡ ገዝቶ፣ ጠቅልሎ፣ አገሩ ወስዶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው። የዓይኑን ደንብ ቢያውቅ ኖሮ ይገዛው ነበር? ሳይገዛው የሚቀር አይመስለኝም።

የጃፓንን ስም ካነሣሁ ዘንድ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። በ1924 ዓ.ም. የመንግሥት መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ተጉዘው፣ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። ቀደም ብሎ በ1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችንም የጃፓንን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ ነበር። ባዕዱን ከየት መጣ፣ ምን ለበሰ፣ ምን ሠራ ብሎ በጉጉት የሚመለከተው ዓይን በእኛም ዘንድ ነበረ፤ ያደረው ግን በብዕር ላይ እንጂ በብሩሽ ላይ አይደለም።

ከእነዚህ ነገሮች ከሙያችን ጋር የሚገናኙትን ሁለት ላንሣና ልጨርስ።

አንደኛው የግድግዳዎቹ ጉዳይ ነው። የላስታ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ከውኃ፣ ከጢስና ከሰው ትከሻ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ልስኑ ሲላቀቅ መጀመሪያ የሚወርደው የትኛው እንደሚሆን አይታወቅም። በቅን ልብ የሚደረግ እድሳትም ጉዳት አለው፤ የአሮጌውን ሥዕል ዓይን በአዲስ ቀለም «ለማሳመር» የተነካ እንደሆነ፣ ሠዓሊው ማንን ከማን ጋር እንዳቆመ የምናውቅበት ምልክት ይጠፋል። በመሆኑም ጠቅላላውን ግድግዳ ፎቶግራፍ ማንሣት አይበቃም፤ የእያንዳንዱ ሰው ፊትና አቅጣጫ፣ የለበሰው ልብስና የያዘው መሣሪያ ተለይቶ እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ መሰላል፣ ፋኖስና ትዕግሥት ያለው ሰው ይበቃዋል። ከየደብሩ አለቃና ከአካባቢው ካህናት ፈቃድና ምክር ጋር ካልሆነ ግን መጀመር የለበትም።

ሁለተኛው የሸራ ሥዕሎቹ ናቸው። ከዓድዋ ሥዕሎች ብዙዎቹ የሠዓሊ ስምም ዘመንም የሌላቸው ሆነው በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞችና በግለሰቦች እጅ ይገኛሉ። በገንዘብ የተሸጠውን በጉልበት ከተወሰደው ጋር መቀላቀል አይገባም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ የወሰደው «ኵርዓተ ርእሱ» የሚባለው ሥዕል፣ ራሱ በአውሮፓዊ እጅ የተሣለ ነበር። ሆኖም ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወጡ፣ በፊቱም መሐላ ይፈጸም ነበር። በባዕድ እጅ የተሣለው መልክ የእኛ ሆኖ ኖሮ፣ በባዕድ እጅ ተወሰደ፤ ሆልምስም ለሙዚየሙ ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። በገበያ የተሸጠውን የዓድዋ ሥዕል «ይመለስ» ማለት አንችልም፤ ሸማቹ ከፍሏል። የምንችለው ግን የሠዓሊውን ስም ማስመለስ ነው። ሥዕሎቹ ካሉበት ቦታ ፎቶግራፋቸውን ብናገኝ የአንዱን እጅ ከሌላው መለየት የሚችሉ፣ የሥዕል ትምህርታቸውን ከአባቶቻቸው የተማሩ አዛውንት ሠዓሊዎች በየአካባቢው አሉ። እነርሱ በሕይወት እያሉ ሥዕሎቹን ማሳየት፣ የሚሉትንም መጻፍ ያስፈልጋል። የማኅበራችን የሚመጣው ዓመት የሥራ ፕሮግራም ሲዘጋጅ ይህ አሳብ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዲታይልኝ አደራ እላለሁ።